አባ ይማም ያልሞቱት ሞት

ያደግኩት ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብላ ባለች የቆላ መንደር ነው። በእኛ አገር ሰው ብርድን የሚያውቀው ደጋ ወጥቶ ከተመለሰ ነጋዴ ወሬ ነው። በታኅሣሥ እንኳ ወንዱ በሽርጥና በስስ ኩታ ይውላል። ብርድ ሰው ይገድላል ሲሉን የደገኞች ማጋነን ይመስለን ነበር።

የጣልያን ዘመን ሲነሳ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ስለ አውሮፕላኑና ስለ ጦርነቱ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እሱን ያየ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ይንገራቸው። እኔ የማልረሳው አንድ ሽርሽር ነው። ጣልያኖች ከዘመዶቻቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ሊደሰቱ ወደ ጣርማ በር ተራራ የወጡበት፣ እኛም በቅሎ እየሳብን የተከተልንበት ሽርሽር። ዛሬም ሳወራው የሚመጣብኝ ስሜት አለ። ፍርሃት አይደለም፤ ፍርሃቱ ያኔውኑ አልፎልኛል። መጸየፍ ነው። ታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ አባታችንን በልጅነታችን ስላጣን ያሳደጉን የእናታችን ወንድም አባ ይማም ናቸው። አባ ይማም የበቅሎ ሰው ነበሩ። ከአሊዩ አምባ ጨውና ጥጥ ጭነው ደጋ ያወጣሉ፤ ከደጋ ገብስና ባቄላ ጭነው ይወርዳሉ። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም፤ ከበቅሎ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ሲነጋገሩ ይውላሉ። በቤታቸው ከእኛ ሌላ አንድ ልጅ አብሮን አድጓል፤ እንድሪስ ይባላል። የአጎታችን ሚስት የእትዬ ዘሃራ የእህት ልጅ ነው። ከአንድ ገበታ በልተናል፤ ክረምት ክረምት አንድ ቡልኮ ለሦስት ለብሰን ተኝተናል። እንድሪስ ጎረምሳ ሲሆን ወደ አሰብ ወርዶ ለጣልያኖች ወጥ ቤት ሲሠራ ቋንቋቸውን ለመደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሶ መጣና ሸዋ ሮቢት ላይ የመንገድ ሥራውን የሚያዘው ካፒቴን አስተርጓሚ ሆነ። ጫማ አደረገ። ሰው ሲያነጋግረው ቶሎ አይመልስም ነበር፤ መጀመሪያ ጫማውን ያያል።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ ገና ያላገባሁ ጎልማሳ ነበርኩ። ጣልያን መንገዱን ወደ ጣርማ በር እየቀደደ ስለነበር ከየቤቱ ሰው ለድንጋይ ፈለጣ ይወሰዳል። እኔም ለወራት ፈልጫለሁ። ከጣልያንኛ የያዝኩት ከዚያ የለቀምኩትን ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ቶሎ በሉ ሲሉ ምን እንደሚሉ፣ ወደፊት ሲሉ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አንዲት ሌላ ቃልም አውቃለሁ። ድንጋይ ተንዶ ሰው ላይ ሲያርፍ ጠባቂው ይመጣል፤ የወደቀውን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርገዋል፤ ካልተንቀሳቀሰ «ሞርቶ» ይልና ይሄዳል። ሞተ ማለቱ ነው። ይህቺን ቃል የሚያስተምር አያስፈልግም ነበር።

በዚያ ታኅሣሥ አንድ ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ወደ አጎታችን ቤት መጣ። የፈረንጆቹ የልደት በዓል ደርሷል አለን። የካፒቴኑ ወንድም ከአገሩ መጥቷል፤ ወዳጆቹም ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ በተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ሊያድኑና ሊጫወቱ ይፈልጋሉ፤ የአባ ይማም በቅሎዎች ይፈለጋሉ። አጎታችን በቅሎዎቼ ደክመዋል አሉ። እንድሪስም በቅሎዎቹን የሚሰጥና አብሮ የሚወጣ ሰው ከድንጋይ ፈለጣ ነፃ እንደሚሆን፣ እንቢ ያለ ግን በቅሎዎቹ እንደሚወረሱበት ነገራቸው። ለእኔና ለሰይድ ብሎ ይህን ዕድል እንዳስገኘ አድርጎ ነበር የሚያወራው። አባ ይማም እኛን አዩንና እሺ አሉ። እሳቸው በእርጅናቸው ደጋ ድረስ እንዳይደክሙ ብንለምናቸውም፣ በቅሎዎቼን ለማያውቃቸው ሰው አልሰጥም ብለው አብረውን ተነሡ።

ጣልያኖቹ እስከ ደብረ ሲና በመኪና ወጡ። እኛ በእግር ቀድመናቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ እነሱ በበቅሎ፣ እኛ በእግር ሆነን ወደ ጣርማ በር አፋፍ አቀናን። ካፒቴኑ፣ ወንድሙ፣ ሁለት ወዳጆቹና የአንደኛው ሚስት ነበሩ። መንገዱ ቀዝቅዞ፣ የአስታ ቁጥቋጦው እየበዛ፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል እንደ ቆመ ሰው ከጉም ውስጥ ብቅ ብቅ ሲል እኛ ዝም አልን፤ እነሱ ግን ዘፈኑ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ አልጠላኋቸውም። ወንድም ወንድሙን ሲያቅፍ፣ ሴትዮዋ ባሏን በኮፍያው ስትመታው ሳይ እነዚህም ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። ድንኳኑን ተክለን እዚያው አደርን፤ ጠዋት ሲነጋ ሣሩ ሁሉ በአመዳይ ነጭ ሆኖ አየነው። እኛ በሽርጣችን ላይ ቡልኮ ተከናንበን ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ስንቆም፣ እነሱ አመዳዩን በእጃቸው እየዛቁ እንደ ሕፃን ይወራወሩ ነበር። አገራችንን ይመስላል ይላሉ አለን እንድሪስ።

አደኑ የተጀመረው ፀሐይ ገደሉን ስታገኘው ነው። ከገደሉ ሥር ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች እየወጡ ሣር ሊነጩ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ጭላዳን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የዋህ ነው። እንደ ቤተ ዘመድ ክብ ሠርቶ ቁጭ ይላል፤ በጣቶቹ ሣሩን ይለቅማል፤ ሴቷ ልጇን አዝላ ትዞራለች። የደጋ ገበሬ ከእርሻው ያባርረዋል እንጂ አይፈራውም፤ እሱም ሰው አይሸሽም። ጣልያኖቹ ከቅርብ ሆነው ተኮሱ። ሮጠው የሚያመልጡትን ትተው ዞር ብለው የሚያዩትን ነው የተኮሱት። አንዷ ልጇን እንዳቀፈች ተቀምጣ ቀረች። የካፒቴኑ ወንድም ያን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ከዚያ የተገደሉትን ጎን ለጎን አስደረደሩን። ጎፈር ያላቸውን ወንዶቹን ቆዳቸውን ስለሚፈልጉት እኛ እንድንገፍ ታዘዝን። አባ ይማም በክት አልነካም አሉ። እንድሪስ ይህን ለካፒቴኑ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ብቻ ካፒቴኑ ሳቀና እሳቸውን ተዋቸው። እኔና ሰይድ ግን ገፈፍን። ትኩስ ደሙ ከብርዱ የተነሣ ይጨሳል። ሽታው ከእርጥብ ጠጉር ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫዬ ብቻ ሳይሆን በምላሴ ላይ ይሰማኝ ነበር። በመካከሉ ሴትዮዋ ፎቶ ማንሻዋን አምጥታ፣ ከተደረደሩት በስተኋላ ቁሙና እጃቸውን ያዙ አለችን። ጭላዳዎቹ እንደ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲታዩ ነው። የያዝኩት መዳፍ ጥቁር ነበር፤ መሥመር አለው፤ ጥፍር አለው፤ ገና አልቀዘቀዘም። አጎታችን ከጎኔ ነበሩ። የቡልኳቸውን ጫፍ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። እንድሪስ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባ ይማም፣ ግለጡ እንጂ፤ ደስ አይላቸውም» አላቸው። አልገለጡም።

እነሱ እዚያው እሳት አስነድደው ምሳቸውን በሉ። ከጭላዳዎቹ ሬሳ ጥቂት ራቅ ብለው እንኳ አልተቀመጡም። የቆርቆሮ ሥጋ እየከፈቱ፣ የወይን ጠጅ የሚሉትን ቀይ መጠጥ እየጠጡ፣ ደም በነካው እጃቸው ዳቦ እየቆረሱ በሉ። ለእኛም የተረፈ ቆርቆሮ ወረወሩልን። አልነካነውም። እንድሪስ ግን ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ሲያኝክ አየሁት፤ ጢሙ በስብ ያብረቀርቃል። ከሥጋው ምንነት ይልቅ ዓይኑን ከእኛ ላይ ሳያነሣ ማኘኩ ነው ያንገሸገሸኝ።

ጥፋቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቆዳዎቹን በበቅሎዎቹ ላይ መጫን ስንጀምር የአጎታችን ጥቁር በቅሎ የደሙ ሽታ አስደንብሯት ገመዷን በጥሳ ወደ ገደሉ ጥግ ሮጠች። አባ ይማም በስሟ እየጠሩ ተከተሏት። ያ ጥግ ፀሐይ ያልደረሰበት፣ ድንጋዩ በአመዳይ የተለበጠ ነበር። በቅሎይቱ ቆመችላቸው፤ ገመዷን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ እግራቸው ከሥራቸው ከዳቸው። ጩኸት አልሰማንም። ብቻ የነበሩበት ቦታ ባዶ ሆነ።

እኔና ሰይድ ሮጠን ደረስን። ወደ ታች ስናይ ገደሉ ሙሉ በሙሉ አልበላቸውም፤ ከሁለት ሰው ቁመት እምብዛም የማይበልጥ ወርደው አንዲት የሣር እርከን ላይ አርፈዋል። ቋጥኙን እየቆነጠጥን ወረድን። ራሳቸው ደምቷል፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ዓይናቸው ግን ተከፍቶ ነበር። «በቅሎዋ ደኅና ናት?» አሉን። ደኅና ናት አልናቸው። ከዚያ ሰይድ ራሳቸውን ይዞ ቀረ፤ እኔ እርዳታ ልጠይቅ ወደ ላይ ወጣሁ።

እንድሪስ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች አይቶ ነበር። በሕይወት እንዳሉ አይቷል፤ ሲናገሩም ሰምቷል። እንዲህ አልኩት፤ «አባ ይማም እግራቸው ተሰብሯል። ከበቅሎዎቹ አንዷን ያራግፉልንና እንጫናቸው። ለካፒቴኑ ንገርልኝ።» እሺ ብሎ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ።

በዚያ ሰዓት ከቆላው ጉም መውጣት ጀምሮ ነበር። የጣርማ በርን ጉም ለሚያውቅ፣ አንዴ ከወጣ ሰው የራሱን እግር አያይም። ጣልያኖቹ ለመውረድ ቸኩለዋል፤ በበቅሎዎቹ ላይ ድንኳኑና ቆዳው ተጭኖ አልቋል። የቀሩትን እነሱ ይቀመጡባቸዋል። ካፒቴኑ ኮርቻ ላይ ሊወጣ እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ እንድሪስን ምን እንደሆነ ጠየቀው። እንድሪስ እጁን ወደ ገደሉ ዘረጋና አጭር ነገር ተናገረ። ካወራው ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ገባችኝ፤ «ሞርቶ።»

የሰማሁት ሌላ ቃል መሰለኝ። ግን ካፒቴኑ እግሩን ከእርካብ አወረደ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ አማተበ። ሴትዮዋ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ አወቅኩ። እንድሪስም ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ እንዲህ አለኝ፤

«ካፒቴኑ በጣም አዝኗል። በቅሎዎቹ ተጭነው አልቀዋል፤ ደብረ ሲና እንደደረሰ ቃሬዛና ሐኪም ይልካል። እናንተ ከዚያ እንዳትነቃነቁ ብሏል። ከቦታችሁ ከሄዳችሁ በጉሙ ውስጥ አያገኟችሁም።»

ፊቱን አየሁት። ከአንድ ገበታ አብሬው የበላሁት ፊት ነው። አንዲት ጡንቻ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። እሱን ትቼ ወደ ካፒቴኑ ዘለቅሁና ከድንጋይ ፈለጣው በለቀምኳት ቋንቋ «ኖ ሞርቶ! ኖ ሞርቶ!» አልኩት፤ ወደ ገደሉም እየጠቆምኩ እጁን ልስበው ዳዳሁ። ካፒቴኑ ግራ ገብቶት እንድሪስን አየው። እንድሪስ ራሱን በኀዘን እየነቀነቀ ጥቂት ተናገረና ጣቱን በጆሮ ግንዱ አጠገብ አዞረ። ኀዘን አእምሮውን አናውጦታል ማለቱ ነው። ካፒቴኑ በርኅራኄ አየኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከኮርቻው ኪስ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቶ በእጄ ላይ አኖረና በቅሎው ላይ ወጣ።

ይህን ሰው ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ጥቂት ርምጃ ወደ አፋፉ ሄዶ ወደ ታች ቢያይ አባ ይማም ቀና ብለው ያዩት ነበር። ሊያይ አልፈለገም። የሞተ ሰው ይቀለው ነበር፤ ለሞተ ሰው ባርኔጣ ማንሣት ይበቃል፤ ለቆሰለ ሰው ግን ቆዳ ማራገፍ ያስፈልጋል። ተነሥተው ሄዱ። የአጎታችን ጥቁር በቅሎም ተይዛ የጭላዳ ቆዳ ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች፤ እንድሪስ በጅራፍ መታት። ብስኩቱን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። እጄ ላይ የቀረው ስሜት ከጭላዳው መዳፍ የባሰ ነበር።

ወደ እርከኗ ወርጄ ለሰይድ የሆነውን ስነግረው አላመነኝም። «እንድሪስ? የእትዬ ዘሃራን ጡት ጠብቶ ያደገው?» አለኝ። በደንብ ሳልሰማ ይሆናል፣ ሌላ ቃል ይሆናል፣ ጠብቁ ከተባልን መጠበቅ ነው፣ የተሰበረ ሰው በዚህ ገደል ማንቀሳቀስ መግደል ነው አለኝ። የሚለው ስሕተት አልነበረም፤ እንድሪስ እውነት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ። እየተከራከርን ሳለ ጉሙ ደርሶ ሸፈነን፤ የሰይድን ፊት በክንድ ርቀት እንኳ አላየውም ነበር። ብርዱ እንደ ውኃ ከታች ወደ ላይ ሞላብን።

አባ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ራሳቸውን የሳቱ መስሎን ነበር። ለካ ይሰሙናል። «ጀማል፣» አሉኝ፤ «ቃሏን በጆሮህ ሰምተሃል?»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አባ።»

እኔ እንባ ወይም እርግማን ጠብቄ ነበር። «እንግዲያው ሰው አይመጣም፤» አሉ። «አንሡኝ።»

እንዴት እንዳወጣናቸው ዛሬ ብጠየቅ በትክክል አላስረዳም። ኩታችንን ቀደን እግራቸውን በአስታ እንጨት አሠርን። በቡልኳቸው ጠቅልለን፣ ሰይድ ከላይ እየሳበ እኔ ከታች በትከሻዬ እየገፋሁ አወጣናቸው። ሕመሙ ሲበዛባቸው የቡልኮውን ጫፍ ይነክሳሉ። ከዚያ ተራ በተራ አዝለናቸው በጉሙ ውስጥ ሄድን። መንገዱ አይታይም፤ እግራችን ለስላሳ ሣር ሲረግጥ ልክ ነን፣ ድንጋይ ሲያንኳኳ ገደል ነው እያልን ነው የሄድነው። የጣቶቼ ሕይወት ጠፋ። ሰይድ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንረፍ፣ ትንሽ ብቻ እንተኛ ሲል አባ ይማም ከጀርባዬ ላይ ሆነው በያዙት የአስታ እንጨት ጫፍ ወጉት። እንቅልፉ ነው የሚገድለው አሉት።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ውሻ ሲጮኽ ሰማን። ድምፁን ተከትለን አንድ የድንጋይ ቤት ደረስን። ባለቤቱ ጦር ይዞ ወጣ፤ ጋሼ ደምሴ የሚባል የደጋ ገበሬ ነው። መጀመሪያ የባንዳ ሰዎች መስለነው አላስቀርብ አለን። አባ ይማም ከጀርባዬ ላይ «የበቅሎ ነጋዴ ነን፤ የይፋት ሰዎች ነን፤ ጣልያን ጥሎን ሄዶ ነው» ሲሉት ጦሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እሳቸውን ከጀርባዬ ተቀበለኝ።

ቤቱ በኩበት እሳት ይሞቃል። ሚስቱ እትዬ ወለተ እጃችንን ወዲያው እሳት ላይ እንዳናደርግ ከለከለችንና እዚያው ቤት በታሰረችው ላም ገላ አስጠግታ አሞቀችን። ቤተሰቡ የገና ጾም ላይ ስለነበሩ በቤቱ ሥጋ አልነበረም፤ የምንበላው የማንበላው ብለን አልተጨነቅንም። የገብስ ቆሎና የባቄላ ወጥ ሰጡን። ለአጎታችን ደግሞ እነሱ የማይጠጡትን ወተት አፍልተው አጠጧቸው። በማግሥቱ ወጌሻ መጥቶ እግራቸውን አሠረላቸው።

በዚያው ቀን ጉሙ ሲገልጥ እኔና ጋሼ ደምሴ ወደ ቦታው ሄድን። ሰይድ ተሳስተህ ይሆናል እያለ ስለነዘነዘኝ በዓይኔ ማረጋገጥ ፈልጌ ነው። ማንም አልመጣም። ከሌላ ወገን የመጣ የሰው ኮቴ በአመዳዩ ላይ አልነበረም። የተገፈፉት ጭላዳዎች እንደተደረደሩ ነበሩ፤ አሞራ ሆዳቸውን ከፍቷል። ቆዳ የሌለው ፊታቸው ከሰው ፊት አይለይም። ጋሼ ደምሴ ድንጋዩ ላይ ያለውን ብስኩት አየና ይህስ የማነው አለኝ። የአጎቴ ለቅሶ ነው አልኩት። ምራቁን ተፋ።

ሰይድ ከአጎታችን ጋር ቀረ፤ እኔ ለእትዬ ዘሃራ ልነግር ወደ ቆላ ወረድኩ። ከዚህ በፊት የነገርኳችሁ ሁሉ ለዚች ሰዓት መንገድ መሆኑ ነው።

መንደሩ ስደርስ በአጎታችን ደጅ ዳስ ተጥሏል። ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ፍየል ታርዶ ሰደቃው ቀርቧል። እንድሪስ ቀድሞ ወርዶ አባ ይማም ሞቱ ብሎ ኖሯል። ዓይናቸውን በእጄ ከደንኩ፣ ልጆቹ ደጋ ላይ ቀብረው ይመለሳሉ፣ ካፒቴኑ ራሱ ባርኔጣውን አነሣላቸው እያለ እየደጋገመ ለመጣው ሁሉ አውርቷል። ስገባ ከታላላቆቹ መካከል ተቀምጧል፤ ዱዓው ሲደረግ ከሁሉ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን ይላል። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። በፊቱ የሰደቃው ሥጋ አለ፤ ጣቶቹ በስብ ርሰዋል።

«አባ ይማም በሕይወት አሉ፤» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ዝቅ ብሎ ወጣ። «ደጋ ላይ ክርስቲያን ቤት ተኝተዋል። እግራቸው ነው የተሰበረው።»

እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እንደገና ተቀመጠች። እኔ እንድሪስ ይደነግጣል፣ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ዘሎ ተነሣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሞቃል። በስብ የራሱ ጣቶቹ ጀርባዬን ይዘውኛል። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የተጸየፍኩት ነገር የለም። የተገፈፈው ጭላዳ አልነበረም፤ የብስኩቱም ቆርቆሮ አልነበረም። ያ እቅፍ ነው።

ልጮኽ እችል ነበር። ግን የዳሱ ሰው ሁሉ ልጅ ያለው፣ ወንድም ያለው ነው፤ እንድሪስ በአንዲት ቃል ማንንም ወደ ድንጋይ ፈለጣው ሊያስወስድ ይችላል። ክንዶቹን ከላዬ ላቅቄ እትዬ ዘሃራን ይዤ ወጣሁ። የሆነውን ለእሷ ብቻ ነገርኳት። እሷም በማግሥቱ የሰደቃውን ድስት ሁለት ጊዜ በአመድ አጠበችው።

አጎታችን ከወር በኋላ ወረዱ። አንካሳ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። ጣልያን ወጥቶ አገር ሲረጋጋ እንድሪስ ጫማውን አውልቆ ወደ ቤታቸው መጣ። እኔም ሰይድም ነበርን። ያን ቀን ሞተዋል ያልኩት ለእርስዎ ብዬ ነው አላቸው። መሄድ የማይችል ሰው ሸክም ሆነብን ቢሉ በጥይት ይጨርሱዎታል ብዬ ፈርቼ ነው አላቸው። ረጅም ነበር ንግግሩ፤ ያማረም ነበር። አባ ይማም እስኪጨርስ ሰሙትና ጠየቁት፤

«ለእነሱ ሞተ ያልከው ለእኔ ብለህ ነው እንበል። ለእነዚህ ልጆች ጠብቁ፣ እንዳትነቃነቁ ያልከውስ ለማን ብለህ ነው?»

እንድሪስ እንደ ልማዱ ጫማውን ሊያይ አቀረቀረ፤ እግሩ ግን ባዶ ነበር። አጎታችን አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ አሉትና ሂድ አሉት። እሳቸው እንደዚያ ነበሩ። እኔ አይደለሁም።

ወዳጆቼ፣ ይህ ነገር ምን አደረገህ ብትሉኝ፣ በሰው አፍ መናገርን አስፈራኝ። ነገሬን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ ከዚያ ወዲህ ፈቅጄ አላውቅም፤ በዳኛ ፊትም፣ በሽማግሌ ፊትም፣ ለሚስቴ ወላጆች ሽማግሌ ስልክ እንኳ አብሬ ሄጄ ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ብዙ ሰው ስቆብኛል። በቅሎ ነጂነቱ ኦሮምኛ አስተምሮኝ ስለነበር በገበያና በሸንጎ ለማይግባቡ ሰዎች ማስተርጎም ጀመርኩ። ያለኝን አላስቀርም፤ ያላለኝን አልጨምርም። የተሰደበ ሰው ስድቡን እንዳለ ይሰማል። ብዙ ሰው በዚህ ተቀይሞኛል፤ ጸብም ተነሥቶብኛል። ግን ሌላ ዓይነት ማስተርጎም አልችልም፤ ከአፌ የሚወጣውን ቃል ልለውጥ ስል ያ የሞቀ እንባ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

እንድሪስ የሞተው አባ ይማም ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከብት ነግዶ ከብሮ ስለነበር ከአጣዬ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪ ወዳጆቹ ለቀብር መጥተዋል። እንደ ልማዳችን ከመቀበሩ በፊት ሼሁ ቆመው የበደላችሁ ካለ አውፍ በሉት ሲሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ማስተርጎሙ የእኔ ሥራ ነበርና ተነሣሁ። የሼሁን ቃል አንድም ሳላጎድል በኦሮምኛ ነገርኳቸው። እንግዶቹ በቋንቋቸው አውፍ ብለናል አሉ፤ ያንንም ለሼሁ መለስኩላቸው። መንደርተኛውም ሁሉ በአንድ ድምፅ አውፍ ብለናል አለ።

ከዚያ ሼሁ ጥቂት ጠበቁ፤ እኔን እያዩኝ ነበር። የሁሉንም ቃል ተናግሬ ጨርሼ ነበር። የራሴን አልተናገርኩም፤ አፈር ለማልበስ አካፋ አነሣሁ።